የምታጨሰው መኪናዋ ናት ወይስ ባለቤቷ? ሲጋራ የተጨሰባት ያገለገለች ስፖርት መኪና አመራረጥ

መካኒኬ መኪና ሲያይ የሚጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለችው። ሞተሩ ይነሣል፣ እሱ ከኋላ ዞሮ ማርሚታው ጋ ቁጢጥ ይልና «ታጨሳለች?» ይላል። የሚጠይቀው ራሱን ነው፤ መልሱንም የሚሰጠው ራሱ ነው። ባለፈው የካቲት ለገጣፎ ላይ የአንዲት ቀይ ቶዮታ ሴሊካ በር ከፍቶ አንገቱን ካስገባ በኋላ ግን ፊቱን አጨፍግጎ ወጣና፣ «እሷስ አታጨስም፤ ጌታዋ ነው የሚያጨሰው» አለኝ።

ስፖርት መኪና ልገዛ ነው ስትሉ ሰው ሁሉ ስለ ሞተር፣ ስለ ካምቢዮ፣ ስለ መለዋወጫ ይመክራችኋል። ስለ ሲጋራ የመከረኝ ግን አንድም አልነበረም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ ስለተከለከለ ደግሞ ያለችው ያቺው ናት፤ «ይቺን ትቼ ሌላ አማርጣለሁ» ማለት እንደ ድሮው አይቀልም። ሽታ ያለባትን ሁሉ ጥሎ መሄድ አያዋጣም፤ አፍንጫን ይዞ መግዛትም ኋላ ያስለቅሳል። ሥራው ሽታው የት ድረስ እንደገባ ለክቶ፣ ከሌላው ጉድለት ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ነው። እኔ ሚዛን ላይ ያወጣኋቸው ሦስት ነበሩ።

ሦስቱ

የለገጣፎዋ እ.ኤ.አ. የ2003 ሥሪት ቶዮታ ሴሊካ ናት፣ 1.8 ሊትር። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። «ጋሼ፣ ውስጧ ሲጋራ ይጨሳል?» ስላቸው ምንም አልደበቁኝም። «ታዲያ የት ላጭስ ልጄ? ቤት ሚስቴ ከለከለችኝ፣ ካፌ አዋጁ ከለከለኝ።» አዋጅ ያሉት የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ነው፤ ሕዝብ በሚጠቀምባቸው የቤት ውስጥ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ካፌ ተቀምጦ ያጨስ የነበረው ሰው አሁን መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሊያጨስ እንደሚችል ያገለገለ መኪና ፈላጊ ሁሉ ልብ ይበል። ከጫት ጋር ከሆነ ደግሞ ከምሳ እስከ ማታ ነው፣ ያውም መስኮት ተዘግቶ።

ዓለምገና ያየኋት ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ ናት፣ 2.0 ሊትር ባለ ቱርቦ። በሯ አራት ቢሆንም ጠባይዋ የስፖርት ነው። ያሳየን ደላላ ነው፤ ባለቤቷ «ውጭ ነው» ተባልን። ስንደርስ አራቱም መስኮት ተከፍቷል፣ ስፖኪዮው ላይ ሁለት የካርቶን ሽቶ ተንጠልጥሏል፣ ሦስተኛው የኤሲው መውጫ ላይ ተሰክቷል። «ወንድሜ፣ ተጨሶባት ያውቃል?» ስለው «ኧረ በፍጹም! ዲያስፖራ የያዛት መኪና ናት አለቃ» አለኝ። ዲያስፖራ አያጨስም ያለው ማን እንደሆነ እንጃ።

ሦስተኛዋ ሱሉልታ የነበረች ሃዩንዳይ ኩፔ ናት፣ 2.0 ሊትር። ባለቤቷ ወጣት ሴት ናት፤ ሲጋራ በደጇ አልፎ አያውቅም። ውስጧ ንጹሕ፣ የወንበሩ ጨርቅ ላስቲኩ ትናንት የተነሣለት ይመስላል። ምርጫው በአፍንጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያው አልቆ ነበር።

ሽታውን መለካት

ሱሉልታ ከተነሣች አይቀር፣ የወተት ዕቃ በወይራ ሲታጠን ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ዕቃው ይታጠናል፣ ወተቱ ይገባበታል፣ ይጠጣል፣ ዕቃው እንደገና ይታጠባል፤ ጭሱ ግን እዚያው ነው። የመኪናም ሆድ እንደዚያ ዕቃ ነው፤ ልዩነቱ በወይራ ፋንታ የገባው ኒኮቲንና ቅጥራን መሆኑ ነው። ስፖንጁ ውስጥ፣ ጨርቁ ውስጥ፣ የኤሲው ቱቦ ውስጥ ይቀመጥና ሙቀትና እርጥበት ባገኘ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየለቀቀ ይወጣል።

ስፖርት መኪና ላይ ይብሳል። ውስጧ ጠባብ ነው፤ አንድ ሲጋራ ላንድክሩዘር ውስጥና ሴሊካ ውስጥ እኩል አይደለም። ባለ ሁለት በር ከሆነች የኋላው መስኮት አይከፈትም፤ ሾፌሩ የራሱን መስኮት ዝቅ አድርጎ ቢያጨስም ከፊሉ ጭስ ወደ ኋላ ዞሮ እዚያው ይቀራል። ጎናቸው ከፍ ከፍ ያለው ወንበሮቿ ስፖንጅ ይበዛቸዋል። የጣሪያዋ ጨርቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥቁር ነው፤ ግራጫ ጣሪያ ላይ ከሾፌሩ ራስ በላይ ቢጫ ሆኖ የሚጋለጠው እድፍ ጥቁሩ ላይ አይታይም። ስለዚህ ዓይናችሁን አትመኑ።

ከመሄዳችሁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ለምኑት፦ መኪናዋ መስኮቷ ተዘግቶ ትደር። ቀጠሮውን ጠዋት አታድርጉት። የአዲስ አበባ ዙሪያ ጠዋት ብርድ ነው፣ በብርድ ሽታ ይተኛል። ከቀኑ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ፀሐዩ ክሩስኮቱን (ከመሪው ፊት ያለውን ሰሌዳ) ሲያግለው ግን የተኛው ሁሉ ይነሣል። በሩ እንደተከፈተ የምትስቧትን የመጀመሪያዋን ትንፋሽ አታባክኗት፤ አፍንጫ ቶሎ ይለምዳልና ከአምስት ደቂቃ በኋላ «ያን ያህልም አይደለም» ማለት ትጀምራላችሁ። እኔ ባለቤቴን ይዤ ነው የምሄደው፤ ጎረቤት ሽንኩርት ሲያር ከኛ ሳሎን ሆና የምታውቅ ሴት ናት። አጫሽ ጓደኛ ይዛችሁ ብትሄዱ ለሞተሩ ይጠቅማችሁ ይሆናል፣ ለሽታው ግን ምስክርነቱ አይጸናም።

ቀጥሎ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡትና አሽትቱ። ሻጭ ወንበር ያሳጥባል፣ ምንጣፍ ይለውጣል፤ ቀበቶ ከተጠቀለለበት ስቦ የሚያጥብ ላቫጆ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ነጭ ጨርቅ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና አርሱና ሦስት ቦታ ጥረጉ፤ የፊት መስታወቱን ከውስጥ፣ የፀሐይ መከላከያውን ጀርባ፣ የጣሪያውን ጨርቅ ከሾፌሩ መስኮት በላይ። አቧራ ከሆነ ግራጫ ወይም አፈር መልክ ይወጣል። ሲጋራ ከሆነ ቢጫ ወደ ቡናማ የሚሄድ፣ ቀጭን ሻይ የመሰለ ነው። መተርኮሻውንም ክፈቱ፣ ግን ብዙ አትተማመኑበት። የዓለምገናዋ ሱባሩ መተርኮሻ እንደ ሲኒ ተወልውሎ ነበር፤ የኋላውን ወንበር ስናነሣ ግን ሥሩ አመድ አገኘን፣ የፊቱ ወንበር ሽፋን ሥር ደግሞ ምስር የሚያህል የተቃጠለ ቀዳዳ።

ዋናው ፈተና ኤሲው ነው። መስኮቱን ሁሉ ዘግታችሁ፣ የውጭ አየር እንዳይወስድ አድርጋችሁ፣ ማራገቢያውን እስከ ጥጉ ክፈቱትና አፍንጫችሁን መውጫው ላይ አድርጉ። ሲጋራ ሲጨስ ኤሲው የውስጡን አየር እየሳበ የሚያዞር ከነበረ፣ ጭሱ በክሩስኮቱ ውስጥ ባለው ማቀዝቀዣ ክንፎች ላይ ተለጥፏል። ወንበርና ጣሪያ ቢታጠብም ኤሲ በተከፈተ ቁጥር ሽታው ከዚያ ይመለሳል። እዚያ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ክሩስኮቱን ማውረድ ይጠይቃል፤ የሃያ ዓመት መኪና ክሩስኮት ደግሞ አንዴ ከወረደ ሲመለስ መንኳኳቱ አይቀርም። ስለዚህ ሁለት አጫሽ የያዛቸው መኪኖች ቀርበውላችሁ አንዷ ጣሪያዋ ላይ፣ ሌላዋ ኤሲዋ ውስጥ ከሆነ ሽታው፣ ባለ ጣሪያዋን ውሰዱ።

ለገጣፎ ላይ ጨርቁ ጥሩ ሻይ አፈላ፣ ኤሲው ግን እንደ ፈራሁት አልነበረም። ምክንያቱን ጋሼ ራሳቸው ነገሩኝ፤ ኤሲው ከተበላሸ አራት ዓመት አልፎታል፣ ማራገቢያውንም አይነኩትም፣ ሁልጊዜ መስኮት ከፍተው ነው የሚነዱት። ብልሽት ሲጠቅም ያየሁት ያን ቀን ነው። ዓለምገና ግን ሽቶዎቹን አስወርደን፣ መስኮቱን ዘግተን፣ ማዶ ሻይ ጠጥተን ግማሽ ሰዓት ቆይተን ስንመለስ በሩ ሲከፈት የገጠመን ሲጋራና የቫኒላ ሽቶ ተጋብተው የወለዱት ነገር ነው። ባለቤቴ አልገባችም። ደላላው «የላቫጆ ልጆች ይሆናሉ ያጨሱት» አለ።

ይህ ሁሉ የቅንጦት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካው የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ዕቃ ላይ የተቀመጠ ኒኮቲን አየር ውስጥ ካለ ናይትረስ አሲድ ጋር ሲገናኝ ናይትሮዛሚን የሚባሉ ካንሰር አምጪ ውሁዶች እንደሚፈጥር አሳይተዋል፤ ከመረመሯቸው ቦታዎች አንዱ የአንድ አጫሽ ተሽከርካሪ ውስጥ ነበር። ናይትረስ አሲድ ደግሞ ነዳጅ በሚቃጠልበት ሁሉ አለ፤ ቀለበት መንገድ ላይ ተሰልፎ የሚጠብቅ መኪና አያጣውም። ከዚያ በፊት በ2008 የሳንዲያጎ ተመራማሪዎች ለሽያጭ የቀረቡ ያገለገሉ መኪኖችን መርምረው፣ በአጫሾቹ መኪኖች ውስጥ ኒኮቲን በአቧራውም፣ በክሩስኮቱም፣ በአየሩም አግኝተዋል። ሕፃን የምትጭኑባት ከሆነ፣ ወይም ቤት ውስጥ አስም ያለበት ካለ፣ ጥያቄው የዋጋ አይደለም፤ ሽታ የሌለባትን ፈልጉ። ስፖርት መኪና ግን ብዙ ጊዜ የሁለት ትልልቅ ሰዎች መኪና ናት፣ በእኔም ቤት እንደዚያው ነው። ቀሪው ምክሬ ለእንዲህ ዓይነቱ ገዢ ነው።

የሚለቅና የማይለቅ

ቆዳ ወንበር ይሻላል ወይስ ጨርቅ? ሰው ሁሉ ቆዳ ይላል፤ በከፊል ልክ ነው። ደህና ቆዳ ተወልውሎ ይጸዳል። ስፖርት ወንበር ላይ ግን ቆዳው ብዙ ጊዜ በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳ ነው፤ ጭሱ በቀዳዳው አልፎ ስፖንጁ ውስጥ ይገባል፣ ከላይ ሆናችሁ በምንም አትደርሱበትም። ጨርቅ ሲጋራን ቶሎ ይጠጣል፣ ግን ውኃ ረጭቶ መልሶ በሚስብ ማሽን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ብዙውን ይተፋል። ስለዚህ ከተበሳሳ ቆዳ ይልቅ ጨርቅ እመርጣለሁ፣ ያውም በበጋ። በክረምት የታጠበ ወንበር ሳይደርቅ ሻግቶ ሌላ ሽታ ይጨምርላችኋል። ወንበሩ ሥር የኤርባግና የቀበቶ ሽቦዎች አሉ፤ የላቫጆ ልጆች ጎማ ቧንቧ ይዘው ሲመጡ አስቁሟቸው።

ጣሪያ የሚከፈትላቸውስ? እንደ ማዝዳ ኤም ኤክስ-5 ያሉት የጨርቅ ጣሪያ ያላቸው ጭሱን በቀላሉ ያስወጣሉ፣ ግን የጣሪያው ጨርቅ ራሱ ጠጪ ነው፤ ተጣጥፎ እርጥብ ሲቀመጥ ደግሞ ይብስበታል። የመርሴዲስ ኤስ ኤል ኬ ጣሪያ ብረት ስለሆነ ከዚህ ይሻላል፤ የሚያጥፈው የሃይድሮሊክ ዕቃ ሲበላሽ ግን ሲጋራውን ትረሱታላችሁ። ሱሉልታና ሰንዳፋ አካባቢ የሚኖር ሰው በዓመት ስንት ቀን ጣሪያ ከፍቶ እንደሚነዳም ራሱን ይጠይቅ።

የጣሪያ ጨርቅ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማጠብ ነው። ጨርቁ ከስስ ስፖንጅ ጋር በሙጫ የተጣበቀ ነው፤ ውኃ ሲጠግብ ሙጫው ይለቅና ራሳችሁ ላይ ይንጠለጠላል። ወይ እርጥብ በሆነ ጨርቅ በስሱ ደጋግሞ መወልወል፣ ወይ አውርዶ አዲስ ማልበስ ነው። ክፉኛ የጠጣ ከሆነ አትድከሙ፣ አልብሱት። ወንበር የሚያለብሱት ባለሙያዎች ጣሪያም ያለብሳሉ፤ በኔ ልምድ ከሁሉም ወጪ ውስጥ ገንዘቡን ያስመለሰልኝ ይሄ ነው።

የኤሲው ፊልትሮ ካለ መጀመሪያ እሱን ጣሉ። ክሩስኮትና በር በሳሙና፣ መስታወት በአቼቶና በውኃ። ምንጣፉ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ አሳድሮ በማሽን መሳብ ይረዳል። የቡና አተላ አድርቆ በሣህን ማስቀመጥ ሽታውን ይሸፍናል እንጂ አያወጣም፤ ባለቤቴ ይህን አትቀበለኝም። ዕጣንና ሰንደል ለኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ይሁኑ፤ መኪና ውስጥ ሲጤሱ ጭስ ላይ ጭስ ነው የሚጨምሩት።

ኦዞን የሚረጭ ማሽን አለን የሚሏችሁ ይኖራሉ። ሽታ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ኦዞን ግን ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ነው፤ ማሽኑ ሲሠራ ማንም ውስጥ መሆን የለበትም፣ ካለቀ በኋላም በሩ ሁሉ ተከፍቶ ደህና ሰዓት መናፈስ አለባት። ሲደጋገም የበርና የመስኮት ጎማ ይሰነጥቃል። ሲጋራው ሳይታጠብ ኦዞን ማስረጨት ደግሞ ሳይታጠቡ ሽቶ መቀባት ነው፤ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ካስፈለገ መጨረሻ ላይ፣ አንዴ።

ያኛዋ ጭስ

አሁን ወደ ሱሉልታዋ ንጹሕ መኪና። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደው ቁልቁለት ለገዢ እንደ ምርመራ ክፍል ነው። መካኒኬ በሁለተኛ ማርሽ ቤንዚን ሳልሰጥ ረጅሙን አስወረደኝ፣ እሱ በሌላ መኪና ከኋላ እየተከተለ። ታች ሜዳው ላይ ስደርስና ነዳጅ ስሰጣት ከኋላዬ ሰማያዊ ደመና ተነሣ። ቁልቁለት ወርዶ ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚመጣ ሰማያዊ ጭስ ብዙውን ጊዜ የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ጎማ) ነው። በጉልበት ስትነዱ ሁሉ የማይለይ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፣ ሞተር ይወርዳል። ነጭ ሆኖ የማይቆም፣ ራዲያተር ውኃ እየጎደለ የሚሄድ ከሆነ የቴስታታ ጋርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሆዱ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥሩ። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል፤ ከሦስቱ የሚረክሰው እሱ ነው።

የሃዩንዳይዋ ቁልቁለቱ ላይም፣ ዳገቱ ላይም፣ ሜዳው ላይም ሰማያዊ ነበር። ዘይት ስንጠይቅ ልጅቷ በቅንነት «በየሳምንቱ እጨምራለሁ፣ ስፖርት መኪና እንደዚያ ናት ብለውኛል» አለችን። ማን እንዳላት አላውቅም፤ ያለላት ሰው ግን ጓደኛ አይደለም።

ሴሊካ ሲባል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 የተሠራው ትውልድ 1.8 ሊትር ሞተሩን ከዘመኑ ኮሮላ ጋር ይጋራል፤ መለዋወጫ ፍለጋ ዱባይ አያስኬድም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥሪቶች ዘይት በመብላት ይታማሉ፣ ፒስተኑ ኋላ ተሻሽሏል። የጋሼን የ2003ቱን የወደድኩት ለዚህም ነው። ታይሚንጉ (የቫልቮቹን ጊዜ የሚጠብቀው) በብረት ካቴና ስለሆነ የሱባሩና የሃዩንዳይ ሰው የሚጨነቅበት የቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) መቀየሪያ ጊዜ የለባትም።

ስለ ጉልበት አንድ ነገር ልበል፣ ካልሆነ የሱባሩ ወዳጆች አይምሩኝም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። ወረቀቷ ላይ 140 የፈረስ ጉልበት ያላት ሴሊካ ለገጣፎ ላይ 105 አካባቢ ናት፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ትወርዳለች። ቱርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ይህን ያህል አይጎዳውም። ስለዚህ ቱሉ ዲምቱ ላይ ከፍላችሁ የአዳማን የፍጥነት መንገድ ስትገቡ ሱባሩ ሱባሩ ናት፤ ሴሊካዋ መልኳ እንጂ ሩጫዋ ያን ያህል አይደለም። ሱባሩዋን እያወቅኩ ነው የተውኳት። ሁለቱም በለገጣፎ ኮብልስቶንና ፍጥነት መቀነሻ ላይ ሆዳቸውን ያሻሉ፣ በዚያ እኩል ናቸው።

ኤሌክትሪክ ግዛ የሚለኝም ብዙ ነው። ለኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታ ምኑም አይደለም፤ አንድ ተራ ቢዋይዲ ከመብራት ሲነሣ የኔን ሴሊካ ጥሎ ይሄዳል። ብዙዎቹ ገና አዲስ ስለሆኑ ሲጋራም ብዙ አልጠጡም። ለሥራ መመላለሻ ቢሆን ኖሮ አላመነታም ነበር። እኔ ግን ማርሽ መቀየር እወዳለሁ፣ ለዚህ ማስረጃ አላቀርብም።

ዋጋው

ሽታ ያለባትን መኪና ስትደራደሩ «ትሸታለች፣ ቀንሱ» ማለት ሻጩን ያስቀይማል እንጂ ዋጋ አይቀንስም። ነጩን ጨርቅ አሳዩ። ጣሪያ ማልበስ ስንት፣ የወንበርና የምንጣፍ እጥበት ስንት፣ ፊልትሮ ስንት ብላችሁ ሦስት ቦታ ጠይቁና ደምሩ፤ ከዚያ ሁለት እጥፍ አድርጉት። በእጥፍ የምለው አንድ ዙር እጥበት ስለማይበቃና ከወራት በኋላ እንደገና ስለምታወጡ ነው። ሽታው ኤሲው ውስጥ ከሆነ የክሩስኮት ማውረጃን ጨምሩ፤ እሱ ሲጨመር ብዙ ጊዜ ድርድሩ ራሱ ትርጉም ያጣል። ሞተር ማውረድ ከሁሉም ይበልጣል፤ በሱሉልታዋ ላይ ሒሳቡን ስሠራ ከዓለምገናዋም ብሳ አገኘኋት።

የዓለምገናዋ ሞተር፣ ልናገር ከተባለ፣ ከሦስቱ ጥሩው ነበር። ባለቤቷ ቀርቦ «አዎ አጨስባታለሁ» ቢለኝ ኖሮ ምናልባት ኤሲዋን አስወርጄም እወስዳት ነበር። ሽታን በሦስት ሽቶ የሸፈነ ሰው ግን ሌላ ምን እንደሸፈነ እንድፈልግ ያስገድደኛል፤ ባለ ቱርቦ መኪና ውስጥ የሚደበቀው ደግሞ ብዙ ነው። ደላላው እስካሁን ይደውላል።

ሴሊካዋን ወሰድኩ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያይተን፣ ፋይሏ ያለበት ቢሮ ሄደን ዕዳና እገዳ እንደሌለባት አይተን፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ተፈራረምን። በከተማው ዙሪያ ስትገዙ የኦሮሚያ ሰሌዳ ያላት ልትገጥማችሁ ትችላለች፤ ፋይሉ የትኛው ቢሮ እንደሆነ ቀብድ ሳትሰጡ እወቁ። ጋሼ ቁልፉን ሲሰጡኝ ኪሳቸውን ዳብሰው ላይተራቸውን ፈለጉ፤ ክሩስኮቱ ላይ ረስተውት ነበር፣ መልሼ ሰጠኋቸው።

ጣሪያውን በመጋቢት አለበስኩ፣ ወንበሩን ሁለቴ አሳጠብኩ፣ ኤሲውን አስጠግኜ ፊልትሮ ቀየርኩ። ግንቦት ላይ ባለቤቴ «አሁን መኪና ሆነች» አለች። ክረምቱ ሲገባ ግን ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት፣ ከአያት ዝናብ እየመታን ስንወርድ፣ ቀበቶዋን ስባ አሰረችና አፍንጫዋን ወደ ትከሻዋ አዞረች። ቀበቶ በበረኪና አይታጠብም፣ ክሩን ያደክመዋል። እስከ መጨረሻው ስቤ በልብስ መቆንጠጫ ይዤ፣ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ደጋግሜ አጥቤ፣ ሳይደርቅ እንዳይጠቀለል አንድ ቀን ሙሉ ተስቦ እንዲውል አደረግኩት። የሾፌሩ በሁለተኛው እጥበት ለቀቀ። የእሷው ገና ቀጭን ሻይ ያወጣል፤ መስቀል ካለፈና ፀሐዩ ከጠና በኋላ ሦስተኛ ዙር እሞክረዋለሁ።